በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል አሜሪካ የተከተለችው ራስን የማግለል ፖሊሲ እና ኢትዮጵያ

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ እስከ እ.ኤ.አ 1941 መጨረሻ ባሉት ዓመታት ዩናይትድ ስቴትስ አሜሪካ በውጭ ጉዳይ የተከተለችው አቋም ራስን የማግለል ፖሊሲ በሚል ስያሜ ይታወቃል። የፖሊሲው ዋነኛ መርሆዎች በሌሎች አገሮች ጦርነት አለመግባት፣ አሜሪካን በጦርነት ውስጥ ሊከት ከሚችል ማናቸውም የኅብረት ግዴታ መራቅ እና የአገሪቱን ኃይል በአገር ውስጥ ጉዳይ ላይ ማዋል ነበሩ። የፖሊሲው ዋና መሣሪያ የሆነው የገለልተኝነት ሕግ ለመጀመሪያ ጊዜ በሥራ ላይ የዋለው ፋሺስት ኢጣሊያ በ1928 ዓ.ም ኢትዮጵያን በወረረችበት ወቅት ነው። በመሆኑም የአገራችን ታሪክ ለዚህ ፖሊሲ ጥናት የመጀመሪያው የተግባር ማስረጃ ነው ማለት ይቻላል።

ከዋሽንግተን የወጣው ሕግ ያስከተለው ውጤት በአዲስ አበባ የዲፕሎማሲ ጽሕፈት ቤቶች ብቻ ተወስኖ አልቀረም። በዚያን ጊዜ ከምባታ በሚባለው አስተዳደር ሥር በነበሩት በሆሳዕናና በአካባቢዋ አሜሪካውያን የሚገኙባቸው የሚሲዮን ሠራተኞች ይኖሩ ነበር። ከዚሁ አካባቢ የተነሳ ጦርም ወደ ሰሜን ዘምቶ ከኢጣሊያ ሠራዊት ጋር ተዋግቷል። ይህ ጽሑፍ የፖሊሲውን መነሻ፣ ይዘት፣ በኢትዮጵያ ላይ ያስከተለውን ውጤትና ፍጻሜውን በቅደም ተከተል ያቀርባል። «እ.ኤ.አ» የሚል ምልክት ያለባቸው ዓመታት በአውሮፓውያን፣ «ዓ.ም» የሚል ምልክት ያለባቸው ደግሞ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የፖሊሲው መነሻ

አሜሪካ ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት የገባችው እ.ኤ.አ በሚያዝያ 1917 ሲሆን፣ በጦርነቱ ከ116 ሺህ በላይ ወታደሮቿን አጥታለች። በወቅቱ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት የነበሩት ውድሮው ዊልሰን ከጦርነቱ በኋላ ዘላቂ ሰላም ለማስፈን ያስችላል ያሉትን የመንግሥታት ማኅበር ሐሳብ አመነጩ። ይሁንና የማኅበሩን ቃል ኪዳን የያዘውን የቬርሳይ ውል የአሜሪካ ሴኔት አላጸደቀውም። በሴናተር ሄንሪ ካቦት ሎጅ የተመራው ወገን የማኅበሩ አባልነት አሜሪካን ያለ ኮንግረሱ ፈቃድ ወደ ጦርነት ሊያስገባ ይችላል በማለት ተከራከረ። ውሉ እ.ኤ.አ መጋቢት 19 ቀን 1920 ለመጨረሻ ጊዜ ለድምፅ ሲቀርብ 49 ድጋፍና 35 ተቃውሞ በማግኘቱ፣ ከሚያስፈልገው ሁለት ሦስተኛ ድምፅ በሰባት አንሶ ወደቀ።

በዚህ ምክንያት ሐሳቡን ያመነጨችው አገር ከማኅበሩ ውጭ ሆነች። ኢትዮጵያ ግን በ1916 ዓ.ም የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆናለች። የኢትዮጵያ መንግሥት አባልነቱን የፈለገው አንድ አባል አገር ቢወረር ሌሎቹ አባላት ይደርሱለታል በሚል እምነት እንደነበረ ይታወቃል። ማኅበሩ በወራሪ አገር ላይ የሚወስደው የኢኮኖሚ ማዕቀብ ግን በዓለም ታላቅ የሆነውን የአሜሪካን ገበያ የማያካትት በመሆኑ ከጅምሩ ክፍተት ነበረበት።

በሚቀጥሉት ዓመታት አሜሪካ ከዓለም ጉዳይ ፈጽማ አልወጣችም። እ.ኤ.አ በ1921 እና በ1922 በዋሽንግተን የባሕር ኃይል መሣሪያ ቅነሳ ጉባኤ አስተናግዳለች። እ.ኤ.አ ነሐሴ 27 ቀን 1928 ደግሞ በውጭ ጉዳይ ሚኒስትሯ ፍራንክ ኬሎግና በፈረንሳዩ አቻቸው አሪስቲድ ብሪያን ስም የተሰየመው፣ ጦርነትን የብሔራዊ ፖሊሲ መሣሪያ አድርጎ መጠቀምን የሚያወግዝ ቃል ኪዳን በፓሪስ ተፈረመ። ኢጣሊያ ከመጀመሪያዎቹ ፈራሚዎች አንዷ ስትሆን፣ ኢትዮጵያም ቃል ኪዳኑን ተቀብላ ገብታለች። ሆኖም ቃል ኪዳኑ አንድ ፈራሚ ቢያፈርሰው ሌሎቹ ምን ማድረግ እንደሚገባቸው የሚደነግግ አንቀጽ አልነበረውም።

በአገር ውስጥም አሜሪካ በሯን ይበልጥ እየዘጋች መጣች። እ.ኤ.አ በ1924 የወጣው ሕግ የስደተኞችን ቁጥር በኮታ ገደበ። እ.ኤ.አ በ1930 የወጣው የስሙት–ሆውሊ ሕግ ደግሞ ከውጭ በሚገቡ ዕቃዎች ላይ ከፍተኛ ቀረጥ ጣለ። እ.ኤ.አ በ1929 የጀመረው የኢኮኖሚ ውድቀት ሚሊዮኖችን ሥራ አጥ በማድረጉ የሕዝቡ ትኩረት ወደ ውስጥ ዞረ።

የገለልተኝነት ሕጎች

እ.ኤ.አ በ1934 በሰሜን ዳኮታው ሴናተር ጄራልድ ናይ ሰብሳቢነት የተቋቋመው የሴኔት ኮሚቴ የጦር መሣሪያ አምራቾችና የባንክ ባለቤቶች ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ያገኙትን ትርፍ መረመረ። የምርመራው ሂደት አሜሪካ ወደ ጦርነቱ የገባችው ለነጋዴዎች ጥቅም ነው የሚለውን አስተያየት በሕዝቡ ዘንድ አጠናከረ። በዚያው ዓመት የወጣው የጆንሰን ሕግ የጦርነት ዕዳቸውን ላልከፈሉ መንግሥታት ብድር እንዳይሰጥ ከለከለ። እ.ኤ.አ በጥር 1935 ደግሞ አሜሪካ የዓለም ፍርድ ቤት አባል እንድትሆን የቀረበው ሐሳብ በሴኔት 52 ድጋፍና 36 ተቃውሞ አግኝቶ፣ እንደ ቬርሳይ ውል ሁሉ በሰባት ድምፅ አንሶ ወደቀ።

ኢጣሊያ በኤርትራና በሶማሊያ በኩል ሠራዊቷን እያከማቸች በነበረበት ወቅት፣ እ.ኤ.አ ነሐሴ 31 ቀን 1935 ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት የመጀመሪያውን የገለልተኝነት ሕግ ፈረሙ። ሕጉ በጦርነት ላይ ላሉ አገሮች በሙሉ የጦር መሣሪያ፣ ጥይትና ሌሎች የጦርነት መገልገያዎች እንዳይሸጡ የሚከለክል ሲሆን፣ አሜሪካውያን በተዋጊ አገሮች መርከቦች ቢሳፈሩ ለሚደርስባቸው አደጋ ኃላፊነቱ የራሳቸው እንደሆነም ይገልጻል። ፕሬዚዳንቱ ክልከላውን በወራሪው ወገን ላይ ብቻ ለማዋል የሚያስችል ሥልጣን ቢፈልጉም ኮንግረሱ አልፈቀደላቸውም። በሕጉ መሠረት ወራሪውና ተወራሪው በአንድ ዓይን ይታያሉ።

ኢትዮጵያና አሜሪካ ከወረራው በፊት

የሁለቱ አገሮች ይፋዊ ግንኙነት የተጀመረው እ.ኤ.አ በታኅሣሥ 1903 የአሜሪካው መልዕክተኛ ሮበርት ስኪነር አዲስ አበባ ገብተው ከዳግማዊ አፄ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል ሲፈራረሙ ነው። ከዚያ በኋላ ግንኙነቱ ለዓመታት ተቀዛቅዞ ቆይቶ እ.ኤ.አ በ1928 የአሜሪካ ሌጋሲዮን በአዲሰን ሳውዛርድ ኃላፊነት በአዲስ አበባ ዳግም ተከፈተ።

የኢትዮጵያ መንግሥት በአካባቢው ቅኝ ግዛት የሌላት አሜሪካ የእንግሊዝን፣ የፈረንሳይንና የኢጣሊያን ተጽዕኖ ለማመጣጠን ትረዳለች የሚል ተስፋ ነበረው። በዚሁ መሠረት እ.ኤ.አ በ1927 ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ወደ አሜሪካ ተጉዘው በጣና ሐይቅ ላይ ስለሚሠራው ግድብ ጄ. ጂ. ዋይት ከተባለው የምህንድስና ኩባንያ ጋር ተነጋገሩ። ኩባንያው የጥናት ሥራ ቢያካሂድም ግድቡ በወቅቱ ሳይሠራ ቀርቷል።

የበለጠ ገላጭ የሆነው ሁኔታ የተፈጸመው ወረራው ሊጀመር አንድ ወር ገደማ ሲቀረው ነው። እ.ኤ.አ በነሐሴ 1935 መጨረሻ የኢትዮጵያ መንግሥት ፍራንሲስ ሪኬት በተባለ እንግሊዛዊ አማካይነት፣ ስታንዳርድ ቫኪዩም ለተባለው የአሜሪካ የነዳጅ ድርጅት ተቀጥላ ኩባንያ በምሥራቁ የአገሪቱ ክፍል ሰፊ የነዳጅ ፍለጋ መብት ሰጠ። የመንግሥቱ ስሌት የአሜሪካ ጥቅም በኢትዮጵያ መሬት ላይ ከተተከለ አሜሪካ ዝም ብላ አትመለከትም የሚል ነበር። ይሁንና የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በኩባንያው ላይ ግፊት በማድረግ ውሉን በጥቂት ቀናት ውስጥ አስተወው። ጥቅም ከሌለ ጭቅጭቅ አይኖርም የሚለው የፖሊሲው መሠረታዊ አስተሳሰብ በዚህ እርምጃ በግልጽ ታይቷል።

አሜሪካውያን በሆሳዕናና በአካባቢዋ

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው ሆሳዕና ቀደም ሲል ዋቸሞ በሚል ስም ትታወቅ ነበር። ለረጅም ጊዜ የከምባታና ሀዲያ አውራጃ ዋና ከተማ ሆና ካገለገለች በኋላ ዛሬ የሀዲያ ዞን ከተማና የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል የአስተዳደር ማዕከል ሆናለች። የዱራሜ ከተማ ደግሞ የከምባታ ዞን መቀመጫ ናት።

ወደዚህ አካባቢ አሜሪካውያን የመጡት በመንግሥታቸው ተልከው ሳይሆን በግል ማኅበር ተደራጅተው ነው። ቀደም ሲል በወለጋ በሐኪምነት ያገለገሉትና በአዲስ አበባ ጉለሌ ሆስፒታል ያቋቋሙት አሜሪካዊው ዶክተር ቶማስ ላምቢ፣ የሱዳን ኢንተሪየር ሚሽን የተባለውን ድርጅት የመጀመሪያ ቡድን እየመሩ እ.ኤ.አ በ1927 መጨረሻ ኢትዮጵያ ገቡ። ቡድኑ በሚቀጥለው ዓመት ወደ ደቡብ ተጉዞ በሲዳማ፣ በወላይታና በከምባታ ሥራ ጀመረ። በከምባታ የሚሲዮኑ ጣቢያ የተቋቋመው በሆሳዕና አጠገብ ነበር። ከአሜሪካውያን በተጨማሪ ካናዳውያን፣ እንግሊዛውያን፣ አውስትራሊያውያንና የኒውዚላንድ ተወላጆች የሚገኙበት ይህ ቡድን ከስብከቱ ጎን ለጎን የሕክምናና የንባብ ትምህርት አገልግሎት ይሰጥ ነበር።

ዶክተር ላምቢ ከጊዜ በኋላ የአሜሪካ ዜግነታቸውን ትተው የኢትዮጵያ ዜግነት ወሰዱ። ወረራው ሲጀመርም በ1927 ዓ.ም የተመሠረተው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ዋና ጸሐፊ ሆነው ሠርተዋል። በአንጻሩ የአሜሪካ ሌጋሲዮን ጦርነቱ በተቃረበበት ወቅት በኢትዮጵያ የሚኖሩ ዜጎቹ አገሩን ለቀው እንዲወጡ ይመክር ነበር። ከሚሲዮን ሠራተኞች ብዙዎቹ ግን ምክሩን ሳይቀበሉ በየጣቢያቸው ቆዩ።

የኢትዮጵያ አቤቱታና የዋሽንግተን መልስ

ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም በወልወል የተፈጸመው ግጭት ኢጣሊያ ለወረራ የምትፈልገውን ምክንያት ሰጣት። ኢትዮጵያ ጉዳዩን ለመንግሥታት ማኅበር ብታቀርብም ማኅበሩ ወራት በሚፈጅ ድርድር ውስጥ ገባ። በዚህ ጊዜ አፄ ኃይለ ሥላሴ ፊታቸውን ከማኅበሩ ውጭ ወደ ነበረችው አሜሪካ አዞሩ።

ንጉሠ ነገሥቱ እ.ኤ.አ ሐምሌ 3 ቀን 1935 በአዲስ አበባ የአሜሪካን ጉዳይ ፈጻሚ አስጠርተው፣ ኢጣሊያ የኬሎግ–ብሪያን ቃል ኪዳንን እንድታከብር የአሜሪካ መንግሥት መንገድ እንዲፈልግ የሚጠይቅ ደብዳቤ ሰጡ። ቃል ኪዳኑን ካመነጩት አገሮች አንዷ አሜሪካ በመሆኗ ጥያቄው ሕጋዊ መሠረት ያለው ነበር። ከሁለት ቀናት በኋላ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ኮርዴል ሃል የላኩት መልስ፣ ጉዳዩ በመንግሥታት ማኅበር እየታየ መሆኑ አሜሪካን እንደሚያስደስታት፣ ከሁለቱ ወገኖች አንዳቸውም ከሰላማዊ መንገድ ይወጣሉ ብላ ለማመን እንደምትቸገር የሚገልጽ ነበር። ጋዜጦች መልሱን አሜሪካ ቃል ኪዳኑን እንደተወችው አድርገው በመተርጎማቸው፣ ሚኒስትሩ ቃል ኪዳኑ ዛሬም የጸና መሆኑን የሚያብራራ ተጨማሪ መግለጫ ለመስጠት ተገደዱ። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልትም በነሐሴ ወር ለሙሶሊኒ የግል መልዕክት ቢልኩም ሙሶሊኒ አልተቀበለውም።

ገለልተኝነቱ በተግባር

የኢጣሊያ ጦር መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም የመረብን ወንዝ ተሻገረ። ከሁለት ቀናት በኋላ፣ እ.ኤ.አ ጥቅምት 5 ቀን 1935፣ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የጦርነት ሁኔታ መኖሩን በአዋጅ በመግለጽ የገለልተኝነቱን ሕግ በሥራ ላይ አዋሉ። የአሜሪካ ባለሥልጣናት ሕጉ ይበልጥ የሚጎዳው ኢጣሊያን ነው ብለው ያምኑ ነበር። ለዚህም ከአሜሪካ መሣሪያ ገዝቶ ለማጓጓዝ የሚያስችል ገንዘብና መርከብ ያላት ኢጣሊያ እንጂ ኢትዮጵያ አይደለችም የሚል ምክንያት ያቀርባሉ።

በተግባር የታየው ግን ከዚህ የተለየ ነው። ኢጣሊያ የራሷ የአውሮፕላን፣ የታንክና የጥይት ፋብሪካዎች ስለነበሯት የመሣሪያ ክልከላው ብዙም አልጎዳትም። የጎደላት ፋብሪካዎቿንና ተሽከርካሪዎቿን የሚያንቀሳቅስ ጥሬ ዕቃ፣ በተለይም ነዳጅ ነበር። ሕጉ ደግሞ መሣሪያን እንጂ ነዳጅን፣ መዳብን፣ የጭነት መኪናንና ቁርጥራጭ ብረትን አይከለክልም። የባሕር በርም ሆነ የመሣሪያ ፋብሪካ ያልነበራት ኢትዮጵያ በአንጻሩ የምትፈልገው ሕጉ የከለከለውን መሣሪያ ራሱን ነበር። ስለዚህ ለሁለቱም እኩል ነው የተባለው ሕግ ለአንደኛው የማያስፈልገውን፣ ለሌላኛው ግን እጅግ የሚያስፈልገውን ነገር ከለከለ።

ሚኒስትር ሃል ይህን ክፍተት በመገንዘብ እ.ኤ.አ ኅዳር 15 ቀን 1935 ባወጡት መግለጫ፣ የነዳጅ፣ የመዳብ፣ የጭነት መኪና፣ የትራክተርና የቁርጥራጭ ብረት ሽያጭ ከሕጉ መንፈስ ጋር የሚቃረን መሆኑን ለነጋዴዎች አሳሰቡ። የሞራል ማዕቀብ የተባለው ይህ ማሳሰቢያ አስገዳጅነት ስላልነበረው ወደ ኢጣሊያና ወደ ቅኝ ግዛቶቿ የሚላከው የአሜሪካ ነዳጅ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም።

የመንግሥታት ማኅበርም እ.ኤ.አ ከኅዳር 18 ቀን 1935 ጀምሮ በኢጣሊያ ላይ ማዕቀብ ቢጥልም ነዳጅን አላካተተም። የማኅበሩ አባል አገሮች ያቀረቡት ዋነኛ ምክንያት፣ ከዓለም ነዳጅ ከግማሽ በላይ የምታመርተው አሜሪካ ካልተባበረች እርምጃው ውጤት አይኖረውም የሚል ነበር። የአሜሪካ መንግሥት ደግሞ ማኅበሩ ቀድሞ ካልወሰነ ኮንግረሱን ማሳመን አይቻልም ይል ነበር። እንዲህ አንዱ ሌላውን ሲጠብቅ ወራት አለፉ። በታኅሣሥ 1935 እ.ኤ.አ እንግሊዝና ፈረንሳይ ከኢትዮጵያ ሰፊ ግዛት ቆርሰው ለኢጣሊያ ለመስጠት በምስጢር የተስማሙበት የሆር–ላቫል ዕቅድ መጋለጡም፣ የአውሮፓ ጉዳይ ንጹሕ አይደለም ለሚሉት አሜሪካውያን ጠንካራ መከራከሪያ ሆነላቸው።

በቀጣዩ ጥር ለፕሬዚዳንቱ የጥሬ ዕቃ ሽያጭን የመገደብ ሥልጣን የሚሰጥ ረቂቅ ለኮንግረሱ ቀርቦ ነበር። ራስን የማግለል ደጋፊዎችና የኢጣሊያ ዝርያ ያላቸው አሜሪካውያን ማኅበራት ባሰሙት ተቃውሞ ረቂቁ ወድቆ፣ እ.ኤ.አ የካቲት 29 ቀን 1936 ነባሩ ሕግ የብድር ክልከላ ተጨምሮበት ታደሰ። በእነዚያው ሳምንታት የኢጣሊያ አውሮፕላኖችና የጭነት መኪናዎች በአምባ አራዶምና በተምቤን ግንባሮች ወሳኝ ሚና እየተጫወቱ፣ የመርዝ ጋዝም በወታደሩና በነዋሪው ላይ እየዘነበ ነበር። ሙሶሊኒ ራሱ ከጊዜ በኋላ ለሂትለር እንደተናገረው፣ ማዕቀቡ ነዳጅን ቢጨምር ኖሮ ከኢትዮጵያ በአጭር ጊዜ ውስጥ ለመውጣት ይገደድ ነበር።

የአሜሪካ ሕዝብ ድምፅ

የመንግሥት ፖሊሲ የሕዝቡን ስሜት በሙሉ አይወክልም። ጥቁር አሜሪካውያን የኢትዮጵያን መወረር የራሳቸው ጉዳይ አድርገው በመመልከት በኒውዮርክ ሐርለም፣ በቺካጎና በሌሎች ከተሞች ሰልፍ ወጥተዋል፤ የገንዘብና የመድኃኒት መዋጮ አሰባስበዋል። ለመዝመት የተመዘገቡም ብዙዎች ነበሩ። ይሁንና የአሜሪካ ሕግ ዜጎች በውጭ አገር ጦር ውስጥ እንዳይመዘገቡ ስለሚከለክል አብዛኞቹ ሊመጡ አልቻሉም። ከመጡት ጥቂቶች መካከል ከቺካጎ የተነሱት አብራሪ ጆን ሮቢንሰን የኢትዮጵያን አነስተኛ አየር ኃይል በአዛዥነት መርተዋል። አሜሪካዊው የሚሲዮን ሐኪም ሮበርት ሆክማንም በቀይ መስቀል አገልግሎት ላይ እንዳሉ እ.ኤ.አ በታኅሣሥ 1935 ደገሃቡር ላይ ሳይፈነዳ የቀረ የኢጣሊያ ቦምብ ሲያመክኑ ሕይወታቸው አልፏል።

በዋሽንግተን ሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ያጠኑት ዶክተር መላኩ በያን ደግሞ ከወረራው በኋላ ወደ አሜሪካ ተመልሰው እ.ኤ.አ በነሐሴ 1937 በኒውዮርክ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን አቋቋሙ። «የኢትዮጵያ ድምፅ» የተሰኘውን ጋዜጣ በማሳተምም የኢትዮጵያ ጉዳይ ከአሜሪካ ሕዝብ ጆሮ እንዳይርቅ እስከ ሕልፈታቸው እ.ኤ.አ 1940 ድረስ ሠርተዋል።

ወረራው በደቡብና የሚሲዮኑ መውጣት

የኢጣሊያ ጦር ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም አዲስ አበባ ቢገባም ደቡቡና ደቡብ ምዕራቡ ወዲያው አልተያዘም። ራስ ደስታ ዳምጠው፣ ደጃዝማች ገብረማርያም ጋሪና ደጃዝማች በየነ መርዕድ ከሲዳሞና ከባሌ ተነስተው በአርበኝነት ሲዋጉ ቆይተው በየካቲት 1929 ዓ.ም ከሆሳዕና በስተሰሜን ምሥራቅ በሚገኘው የጉራጌ ምድር የመጨረሻውን ውጊያ አደረጉ። ራስ ደስታም የካቲት 17 ቀን 1929 ዓ.ም በቡታጅራ አካባቢ በጠላት ተረሸኑ።

ከዚያ በኋላ ጠላት በአካባቢው የሚገኙትን የውጭ አገር ሚሲዮናውያን ማስወጣት ጀመረ። በ1929 ዓ.ም የሶዶና የሆሳዕና ጣቢያዎች ሠራተኞች አካባቢውን ለቀው እንዲሄዱ ተደረገ። በዚህ ረገድ የአሜሪካ ዜግነት የሰጣቸው ልዩ መከታ አልነበረም። ሥራው በአገሬው ተወላጆች እጅ ወደቀ፤ ከወራሪው አስተዳደር የደረሰባቸውን እስራትና ግርፋት ተቋቁመው የቀጠሉትም እነርሱ ናቸው። ሚሲዮናውያኑ ከነጻነት በኋላ ሲመለሱ ጥለዋት ከሄዱት እጅግ የሰፋች ቤተ ክርስቲያን በወላይታ፣ በከምባታና በሀዲያ አገኙ። የቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን መነሻ ታሪክ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው።

ለወረራው ዕውቅና አለመስጠት

አሜሪካ በዚህ ሁሉ ጊዜ የያዘችውና ለኢትዮጵያ የጠቀማት አንድ አቋም ነበር። ጃፓን ማንቹሪያን በያዘችበት ወቅት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ሄንሪ ስቲምሰን እ.ኤ.አ በጥር 1932፣ አሜሪካ በኃይል የተገኘ ግዛትን እንደማታውቅ አስታውቀው ነበር። ይኸው መርህ በኢትዮጵያም ላይ ተሠራበት። የመንግሥታት ማኅበር እ.ኤ.አ በሐምሌ 1936 ማዕቀቡን ሲያነሳ፣ እንግሊዝና ፈረንሳይም እ.ኤ.አ በ1938 የኢጣሊያን የበላይነት ሲቀበሉ፣ አሜሪካ ለወረራው ሕጋዊ ዕውቅና ካልሰጡት ጥቂት አገሮች አንዷ ሆና ቀጠለች። ሶቪየት ኅብረት፣ ቻይና፣ ሜክሲኮና ኒውዚላንድም በዚሁ አቋም ይጠቀሳሉ። በአዲስ አበባ የነበረው ሌጋሲዮን እ.ኤ.አ በ1937 የተዘጋ ቢሆንም የመዘጋቱ ምክንያት ለኢጣሊያ አገዛዝ የሹመት ደብዳቤ ላለማቅረብ ነበር።

ይህ አቋም አሜሪካን አንድ ወታደርም ሆነ አንድ ዶላር አላስወጣትም። ቢሆንም ከድል በኋላ ኢትዮጵያ ከቀድሞ የጠላት ግዛቶች አንዷ ሳትሆን ቀጣይነት ያለው ሉዓላዊ መንግሥት መሆኗን ለማስረዳት የሕግ ድጋፍ ሆኗታል።

የፖሊሲው ፍጻሜ

እ.ኤ.አ በ1937 የገለልተኝነቱ ሕግ ገዢው በጥሬ ገንዘብ ከፍሎ በራሱ መርከብ እስከወሰደ ድረስ ከመሣሪያ በስተቀር ሌሎች ዕቃዎችን መግዛት እንዲችል ሆኖ ተሻሻለ። በዚያው ዓመት ጥቅምት 5 ቀን፣ የኢትዮጵያን ጦርነት በሚመለከት የገለልተኝነት አዋጅ በወጣ በሁለተኛ ዓመቱ፣ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በቺካጎ ባደረጉት ንግግር ወራሪ አገሮች እንደ ተላላፊ በሽታ ሊገለሉ እንደሚገባ ገለጹ። ሕዝቡ ግን ገና አልተቀበላቸውም። ጀርመን ፖላንድን ከወረረች በኋላ እ.ኤ.አ በኅዳር 1939 የመሣሪያ ክልከላው ተነሳ፤ እ.ኤ.አ በመጋቢት 1941 ደግሞ ለተወራሪ አገሮች መሣሪያ በብድርና በኪራይ ለመስጠት የሚያስችለው ሕግ ጸደቀ። ጃፓን እ.ኤ.አ ታኅሣሥ 7 ቀን 1941 ፐርል ሐርበርን በመደብደቧ ፖሊሲው ፍጻሜ አገኘ።

ኢትዮጵያም በተለወጠው ፖሊሲ ተጠቃሚ ሆናለች። እ.ኤ.አ በነሐሴ 1943 ሁለቱ አገሮች የብድርና ኪራይ ስምምነት ተፈራረሙ። እ.ኤ.አ የካቲት 13 ቀን 1945 አፄ ኃይለ ሥላሴ በግብፅ ሐይቅ ላይ በቆመች የአሜሪካ የጦር መርከብ ከፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ጋር ተገናኙ። ከዚያም ኢትዮጵያ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ምሥረታ ተካፍላ፣ እ.ኤ.አ በ1951 የቃኘው ሻለቃን ወደ ኮሪያ ላከች። የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ለዚህ ውሳኔ የሰጠው ምክንያት፣ በ1928 ዓ.ም ለኢትዮጵያ ያልተፈጸመው የጋራ ደኅንነት መርህ ለሌላው ሊፈጸም ይገባል የሚል ነው።

ከታሪኩ የሚገኝ ትምህርት

የዚህ ታሪክ ዋነኛ ትምህርት፣ ገለልተኛ ነኝ የሚል ሕግ መመዘን ያለበት በስያሜው ሳይሆን በሚከለክላቸውና በሚፈቅዳቸው ነገሮች ዝርዝር መሆኑ ነው። የ1935 እ.ኤ.አ ሕግ በቃሉ ለማንም ያላደላ ነበር፤ ዝርዝሩ ግን መሣሪያን ከልክሎ ነዳጅን ፈቀደ፤ የጦርነቱም ሚዛን በዚያው በኩል አዘነበለ። ሁለተኛው ትምህርት፣ አስፈጻሚ አካል የሌለው ቃል ኪዳን በችግር ጊዜ ከመግለጫ የማያልፍ መሆኑ ነው። ሦስተኛው ደግሞ፣ ዕውቅናን እንደ መንፈግ ያለ ዝቅተኛ የሚመስል የሕግ አቋም እንኳ ተጠብቆ ከቆየ ለዓመታት የሚያገለግል መሆኑ ነው።

ሩቅ አገር የሚወጣ ሕግ ወደ ሆሳዕና፣ ወደ ዱራሜና ወደ ሾኔ የሚደርስበት መንገድ ዛሬም አልተዘጋም። ከእነዚህ ከተሞችና ከአካባቢያቸው በርካታ ወጣቶች ወደ ደቡብ አፍሪካና ወደ ሌሎች አገሮች በሚሰደዱበት በአሁኑ ዘመን፣ የሌላ መንግሥት የስደተኛ ሕግ ማሻሻያ ወይም የውጭ ፖሊሲ ለውጥ በአንድ ቀበሌ የሚኖር ቤተሰብ ኑሮ ላይ ለውጥ ያመጣል። በየደረጃው የሚገኝ የመንግሥት ሠራተኛ እንዲህ ያለውን ሕግ ሲያነብ በመጀመሪያ ሊጠይቀው የሚገባው ጥያቄ በ1928 ዓ.ም ከተጠየቀው የተለየ አይደለም። ይኸውም ሕጉ በተግባር ሲውል ማን ምን ያጣል፣ ማንስ ምን ያገኛል የሚለው ነው።